የካቦው የውሃ ተራ

መካነ ሰላም ዳር ባለ ችግኝ ጣቢያ ስቀጠር ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ሥራችን ፕላስቲክ ውስጥ አፈር መሙላትና ጠዋትና ማታ ውሃ ማጠጣት ነው። ሃያ የምንሆን ሴቶች ነበርን፤ ግማሻችን እስላም፣ ግማሻችን ክርስቲያን። ካቦአችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ክርስቲያን ናቸው፤ ሲናደዱ ግን "ወላሂ" ብለው ነው የሚምሉት።

የውሃውን ተራ ያወጡት እሳቸው ናቸው። እሑድ፣ በማርያምና በሚካኤል ቀን ክርስቲያኖቹ ይቀራሉ፤ እኛ እስላሞቹ እናጠጣለን። ዓርብ ከሰዓትና በዒድ እነሱ ይተኩናል። በረመዷን ምላሳችን ሲደርቅ ከምንጩ ባልዲ የሚያመላልሱት እነሱ ናቸው፤ በሁዳዴ ደግሞ ከባድ ከባዱን እኛ እንሸከማለን። ይህን ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም። በውሃ ጥም የሞተ ችግኝ ግን አላየሁም።

ከዚያ አዲስ ኃላፊ መጣልን። ስልጠና ወስዶ ነው የመጣው፤ ይህንንም ደጋግሞ ይነግረናል። ከወንበሩ ጀርባ "ብዝኃነታችን ጌጣችን ነው" የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ለብሔሮች በዓል ጥልፍ ቀሚስ አስለብሶ፣ ባልዲ አስይዞ ፎቶ አነሳን። አባቱ የሚሆኑትን ካቦ "አንተ" እያለ ይጠራቸዋል። አንድ ቀን "ይህን አረም ለምን አትነቅሉትም?" ብሎ በጫማው የነካው የወይራ ችግኝ ነበር።

የውሃውን ተራ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሠራተኛን በሃይማኖት መከፋፈል ነው አለ። ከእንግዲህ ሁሉም እኩል እሑድ ያርፋል፣ በሌላው ቀን ሁሉም ይገባል ብሎ አዘዘ። ወቅቱ በጋ ነበር። እሑድ በሩ ተቆልፎ ዋለ። ሰኞ ስንገባ ገና የተዛወረ ሦስት መደብ ጽድ ጠውልጎ ተኝቷል።

ማክሰኞ ግምገማ ጠራ። በደረቀው ችግኝ የሚጠየቅ ሰው ፈልጎ ነበር፤ ያገኘውም ካቦውን ነው። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ቃለ ጉባኤ ያዢ እኔ ተባልኩ።

"ካቦው በሃይማኖት እየለየ ያሠራችሁ እንደነበር ተናገሩ" አለ።

ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሴት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጄ፣ ችግኝ ማርያምን አያከብር፣ ጁምዓ አይሰግድ። በየቀኑ ይጠማዋል። ጋሼ ያወቁት ይህንኑ ነው።"

"እማማ፣ ከአጀንዳው አይውጡ።"

"አጀንዳው እኮ ደረቀ" አለች አንዷ ከኋላ፤ "ሦስት መደብ ሙሉ።"

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ካቦው አልሳቁም። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። ካቦነታቸው ከተወሰደ ወይ ዘበኝነት ነው ወይ ቤት መግባት፤ ሚስታቸው ደግሞ ከአልጋ አትነሳም።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። "ጻፊ። ካቦው አድልዎ መፈጸሙን ሠራተኞች አጋልጠዋል።"

እኔ ስሜ ሲጠራ እንኳ "አቤት" ከማለት እጄን ማውጣት የሚቀለኝ ነኝ።

"ማንም እንዲህ አላለም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

ደገምኩት።

"የምልሽን ጻፊ።"

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጀግንነት አይደለም። ውሸቱ በእኔ እጅ ጽሑፍ እንዲቀመጥ አልፈለግኩም፣ ይኸው ነው። ወረቀቱን ነጥቆ ራሱ ጻፈው። ጽሑፉም አስቀያሚ ነበር።

ካቦው በሳምንቱ ዘበኛ ሆኑ፤ ደመወዛቸውም ወረደ። ካቦነቱን የኃላፊው አገር ልጅ ያዘው።

በመጣው እሑድ እኛ እስላሞቹ ሳንጠራራ በሩ ላይ ተገናኘን። ቁልፉ ከሽማግሌው ጋር ነበር።

"ጋሼ፣ ኃላፊው በእኛ ምክንያት እንዳይቀጣዎት" አልናቸው።

"ዘበኛ ያደረገኝ እሱ ነው። የዘበኛ ሥራ በር መክፈት ነው፤ ግቡ።"

አጠጣን። እንዲህ እያልን ወራት ሄደ፤ በማርያምና በሚካኤል፣ በዓርብም፣ ሁሉም እንደ ቀድሞው ሆነ፤ አዲሱም ካቦ አርፍዶ መጥቶ ቀድሞ ስለሚወጣ፣ ሰውም ስለማይቆጥር አላወቀም።

አንድ ሰኞ ኃላፊው በለመለመው መደብ መካከል እየተንጎራደደ፣ የእሑድ እረፍት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለችግኝም እንደሚበጅ አስረዳን። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ካቦነታቸውን ግን ማንም አልመለሰላቸውም።