ስኳር የተገኘበት አባቴ

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር። የዚያን ዓመት የሚጠጣው ውሃ ሌላ ሆነ። አንድ እንስራ ብቻውን ይጨርስና ከሱቅ ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ሱቅ ሲመላለስ ደንበኛው ሱሪውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከዚያ መቀስ ወድቆ የቀኝ እግሩን አውራ ጣት ወጋው። ወር አለፈው፤ አልድን አለ። ሸተተ።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት እየጠበቅኩ ቤት ውስጥ የምንቆራጠጥ፣ አፌም እጄም የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። «ይሄ እግር ካልታየ ከነጫማው ይቀበራል» አልኩትና ደሴ ሐኪም ቤት ጎትቼ ወሰድኩት።

ሽንቱን ሰጠ። ጠበቅን። ሲስተሯ ወረቀት ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ ስኳር ተገኝቶብዎታል» አለችው።

በዚያ ዘመን ስኳር የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ፣ በካርድ ነው። «ስኳር ተገኘበት» የሚባለው ደግሞ ጆንያ ደብቆ የተያዘ ነጋዴ ነው፤ አሻጥረኛ ተብሎ በአብዮት ጠባቂ ታጅቦ የሚሄድ። እኔ ባዮሎጂ ተምሬያለሁ፣ በሽታውን አውቀዋለሁ። አባቴ ባዮሎጂ አልተማረም።

«የኔ አይደለም» አለ።

ሲስተሯ ሳቀች። «ሁሉም መጀመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው። በዘር የመጣም ሊሆን ይችላል። ከዘመዶችዎ ስኳር ያለበት ሰው ያውቃሉ?»

አባቴ ጭኔን ቆነጠጠኝ። «አላውቅም። ወላሂ፣ እህቴ ምንም የለባትም።»

«ስለ እህትዎ አልጠየቅኩም እኮ።»

«ብትጠይቂም የለባትም።»

«መደበቅ አይጠቅምም፣ አባባ። ዝም ከተባለ ልብም ኩላሊትም ይጎዳል፤ እግር እስከ መቁረጥም ያደርሳል።»

«እግር?» አለ አባቴ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «እጅ አልነበረም እንዴ የሚቆረጠው?»

እኔ የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። ኪኒኑን ለመቀበል ተሰልፌ ስመለስ አግዳሚው ባዶ ነው። አባቴ የለም።

እስኪ ልንገራችሁ፣ እኛ አርጎባ ነን። ከተማው ውስጥ የአርጎባ ቤት ሦስት ብቻ ስለነበር አንዳችን ሲያስነጥስ «አርጎባዎቹን ጉንፋን ያዛቸው» ይባላል። አባቴ የፈራው ይህንን ነው። አንዱ ቤት በስኳር ከተያዘ ሦስቱም አሻጥረኛ ሊባሉ ነው። አክስቴ ደግሞ፣ ያን ጊዜ እኔ አላውቅም እንጂ፣ በእውነት ስኳር ነበራት። ለልጇ ሠርግ ብላ ከየወሩ ድርሻዋ እየቀነሰች ጎታ ውስጥ፣ ከማሽላው ሥር ቀብራዋለች። ሙሽራው ገና አልተገኘም ነበር፤ ስኳሩ ግን ዝግጁ ነው።

በመጀመሪያው መኪና ተሳፍሬ ሐይቅ ተመለስኩ። ሱቁ ዝግ። አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ በጠራራ ፀሐይ በሩ ተዘግቷል። በትከሻዬ ገፋሁት።

አክስቴ ትልቅ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ስኳሩን በውሃ ታማስላለች። አባቴ በጣሳ እየቀዳ ይጠጣል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ማስረጃ እያጠፋን!» አለ አባቴ ጺሙን እየጠረገ። «በሩን ዝጊው!»

«ለምን አትደፉትም?»

«ጓሮ ብንደፋው ጉንዳኑ ሰልፍ ወጥቶ ያጋልጠናል» አለች አክስቴ።

«ስንተኛው ጣሳ ነው?»

«አራተኛ» አለ። «ደግነቱ ጠምቶኛል።»

ሳፋውን በእርግጫ ገለበጥኩት። ሽሮፑ መሬቱን አቋርጦ የአክስቴን ጫማ ሞላው።

«አብደሻል እንዴ አንቺ ልጅ?»

«በሽታ ነው! ስኳር የሚባል በሽታ! የተገኘው ሽንቱ ውስጥ ነው!»

አባቴ ጣሳውን እንደያዘ አሰበ፣ አሰበ። «ታዲያ ማነው የጠቆመብኝ?»

«ሽንትህ!»

አክስቴ ሻሿ እስኪወድቅ ሳቀች። «ወይኔ ወንድም ጋሼ! የገዛ ሽንትህ አጋለጠህ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አባቴ። «በሽታ ብቻ ነው? በይ ሻይ አፍይልን።»

ያን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። «የስፌት መኪናህን የምትመታው በየትኛው እግርህ ነው?» አልኩት።

ቀኝ እግሩን ዘረጋ። አውራ ጣቱን አየ። እኔን አየኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሲፈራ የዋለ ሰውዬ ገና አሁን ትክክለኛውን ነገር ፈራ።

አክስቴም ሳቋን አቆመች። «ውሃ ውሃ የሚያሰኘው ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔም ሌሊት አራት ጊዜ ነው የምነሳው።»

በማግሥቱ ሦስታችንም ደሴ ሄድን። ለሲስተሯ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። የአክስቴ ውጤት ሲመጣ ግን አልሳቀችም። «በዘር ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች። አክስቴ የእሷና የአባቴ እናት ገበያ ስትሄድ መንገድ ላይ ልቧ ቀጥ ብሎ እንደሞተች ነገረቻት። «እኛ ዓይን ነው ብለን ነበር» አለች። ሲስተሯ ይህንንም ጻፈች፤ ከዚያ የቀሩትንም ዘመዶች እንድናመጣ አዘዘችን።

ሳምንት ሳይሞላ በከተማው «የአርጎባ በሽታ» ተባለ። አክስቴ «ቅናት ነው፤ ዘራችን ጣፋጭ ነው» ብላ ትመልሳለች። ካሾፉብን ሴቶች ሁለቱ፣ አንድ ጠብታ የአርጎባ ደም የሌላቸው፣ በዓመቱ እዚያው አግዳሚ ላይ ከጎኗ ተቀምጠው ተራ ይጠብቁ ነበር። «አብሽሩ» ነው ያለቻቸው።

አባቴ ኪኒኑን እያማረረ ዋጠ። በየጠዋቱ እግሩን በፈላ የጨው ውሃ፣ በረድ ሲል አጥብለታለሁ። ፊቱን አዙሮ «እንዴት ነው?» ይለኛል። «የትናንቱን ያህል አይሸትም» እለዋለሁ። አክስቴ መጥታ «ዛሬ ቴምር በልቷል» ትላለች። እሱ ደግሞ «እሷስ? ብስኩቱን ማን ጨረሰው?» ይላል። ሁለቱም ላይ እጮህባቸዋለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ ቁስሉ ደረቀ። እንደገና መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ ግን ዓይኑ ጨርቁ ላይ ሳይሆን ጣቱ ላይ ነበርና የመጀመሪያው ሱሪ አንድ እግሩ አጠረ። ባለቤቱ ለክቶ ሊጮህ አፉን ከፈተ። አባቴ ጫማውን አውልቆ ጣቱን አሳየውና «የኔም እግር ለጥቂት ነው ያላጠረው» አለው። ሰውየው ሱሪውን አጣጥፎ ይዞ ሄደ።