ከመጨረሻው በር ኋላ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ አውቶቡስ ውስጥ ላፕቶፔን አውጥቼ በልጅነቴ የምወደውን የኮምፒውተር ጨዋታ ከፈትኩ። ይሄ ጨዋታ ውስጥ መሮጥም መተኮስም የለም። በአሮጌ ቤተ መንግሥት ሥዕል ላይ ዕቃዎቹን በማውዝ እየነኩ ቁልፍ መፈለግ፣ ያገኙትን ሰው ማናገር፣ ቁጭ ብሎ ማሰብ ነው። የሠሩትን ሰዎች እስከ ዛሬ አደንቃቸዋለሁ።

ኮሶዬን እንዳለፍን፣ ጨዋታው ውስጥ ያለ ሽማግሌ ያገኘሁትን ቁልፍ ሲጠይቀኝ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ነጠላ ያጣፉ እናት ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አፍሬ ልዘጋው ስል እጄን ያዙኝ።

«ለሽማግሌው ቁልፉን እንዳትሰጠው፤ ውሸታም ነው!»

ደነገጥኩ። «ጨዋታውን ያውቁታል እንዴ፣ እማማ?»

«መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሳለሁ በምሳ ሰዓት እጫወተው ነበር። የመጨረሻው በር ላይ እንደደረስኩ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ከበሩ ኋላ ያለውን ሳላይ ጡረታ ወጣሁ። እስቲ ቀጥል፣ ልጄ!»

እሳቸው እየመሩኝ እኔ እየነካሁ በሩ ላይ ደረስን። እጃቸው ክንዴን ጨምድዶ ይዞታል። ቁልፉን ላስገባ ስል አውቶቡሱ ቆመና ረዳቱ ተጣራ።

«እማማ፣ ዳባት ደርሰናል፤ ይውረዱ እንጂ!»

ቀና እንኳ አላሉም።

«ሾፌሩን ሳበው በለው! ደባርቅ ነው የምወርደው።»