በርሜል ውስጥ የገባው ብሎኬት

ከሚሴ ላይ የነደፍኩት የመጀመሪያ ሕንፃ የእህል መጋዘን ነበር። የሚከማችበት ማሾ ያለ ማቀዝቀዣም ቢሆን ሙቀት እንዳይመታው ብዬ ግድግዳውን ከቀይ አፈርና ከጥቂት ሲሚንቶ ተጨምቆ በሚሠራ ብሎኬት አስጀመርኩ። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ ባለቤቱ ሐጂ ከክምሩ አንድ አንስተው ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ጨመሩ።

«ከሰዓት በኋላ እስከ አስር ሰላት ይቆይ። ከሟሟ ግድግዳው ይፈርሳል።»

ያነሱት ትናንት የተመረተውን፣ ገና ያልጠነከረውን ነበር። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ግንበኞቹ ደግሞ ሥራ አቁመው ያዩናል።

«ሐጂ፣ እሱ ገና ነው፤ አንገነባበትም። ከጠነከረውም አንድ ይጨምሩ።»

«ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ልጄ፣ ሰበብ ከአሁኑ?»

ግንበኞቹ ሳቁ። ቢሆንም ሐጂ ሁለተኛውን ጨመሩ።

ሐጂ ከሰላት ሲመለሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው እጃቸውን በርሜሉ ውስጥ ሰደዱ። የመጀመሪያው ጭቃ ሆኖ በጣቶቻቸው መሃል ፈሰሰ። አሁን ማንም አልሳቀም። ሁለተኛውን አውጥተው በከዘራቸው መቱት፤ አልተሸረፈም።

«ግድግዳዬ ውስጥ የገባው የቱ ነው?» አሉኝ።

«ጠንካራው። እያንዳንዱን ራሴ አይቼ ነው ያሳለፍኩት።» ድምፄ ከፍ ማለቱን የሰማሁት ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ሐጂ ትናንት ወደተመረተው ክምር በከዘራቸው እያመለከቱ፣ «ይህን እሷ ሳትፈቅድ እንዳትነኩ» አሏቸው ግንበኞቹን፤ «በሉ ቀጥሉ።»