በጭጋጉ ውስጥ ስሜን ጠሩት

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ዛሬም ባቡሩ ምድር ውስጥ ገብቶ ስልኬ ሲግናል ሲያጣ እጄ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ቀን አልረሳ ያለኝ ግን ብርዱ ወይም ገደሉ አይደለም። የሰው ድምፅ ስሜን እየጠራ፣ እኔ አፌን በእጄ ይዤ ድንጋይ ሥር የተደበቅኩበት ጊዜ ነው።

እኔና ባለቤቴ አንተነህ የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ አረጋውያን እንከባከባለሁ፣ እሱ የሕንፃ ማሞቂያ ይጠግናል። ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆነን። ከስድስቱ ሦስቱ ግን እሱ እዚህ፣ እኔ አዲስ አበባ ሆነን ስፖንሰርሺፕ ስንጠብቅ ያለቁ ናቸው። ጫጉላ የሚባል ነገር አላየንም። አንድ ቀን አንተነህ ሥራ ቦታው ግድግዳ ላይ ያየውን የቀን መቁጠሪያ በስልኩ አንስቶ መጣ። ተራራ፣ ከተራራው ሥር ሐይቅ፣ ከላይ ደግሞ ክረምት ከበጋ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር። "እዚህ ሳንሄድማ አንሞትም" አለኝ። ሄደን ልንሞት እንደምንችል ያን ጊዜ ማን ያስባል።

እኔ ያደግኩት "ሳይሆን አይወራም" በሚባልበት ቤት ነው። ወሬ ከቀደመ ነገር ይበላሻል፣ የሰው ዓይን ይገባበታል ትላለች እናቴ። ወደ ካናዳ የምመጣበትን ቀን እንኳ ጎረቤቶቻችን የሰሙት ሻንጣዬ ታክሲ ላይ ሲጫን ነው። እዚህም አመሌ አልለቀቀኝም። መንጃ ፈቃዴን ካገኘሁ ከሳምንት በኋላ ነው የተናገርኩት፤ ሁለቴ መውደቄንማ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ስለ ጉዞው ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አንተነህን አስማልኩት።

ለማንም ስል እትዬ አልማዝንም ጨምሬ ነው። እትዬ አልማዝ የአንተነህ ታላቅ እህት ናቸው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው እዚህ የደረሱ፣ አንተነህን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሴት ናቸው። ሪጀንት ፓርክ ነው የሚኖሩት። ሳይደውሉልን አያመሹም። ሁለቴ ደውለው ካላነሳን ተነሥተው ይመጣሉ። ለእሳቸው ሳምንቱን ሙሉ ደብል ሺፍት ስለምንገባ እስከ እሑድ ስልክ አናነሳም አልኳቸው። "እግዜር ያበርታችሁ" አሉኝ። ውሸቴን መረቁልኝ። አንተነህ ፊቱ ጠቆረ፤ ለእሷ እንኳ አንናገርም ወይ አለኝ። ስንመለስ ፎቶውን ያዩታል ብዬ ዘጋሁት።

ቅዳሜ እስከ ካልጋሪ በአውሮፕላን ሄድን፣ ከዚያ መኪና ተከራይተን ወደ ተራሮቹ ነዳን። ሁለት ቀን ከሐይቅ ሐይቅ ስንዞር ከረምን። ውሃውን እኔ ሰማያዊ ነው ስል እሱ አረንጓዴ ነው ይላል፤ በዚህ እንኳ ተከራከርን። በሦስት ዓመት ናፍቆትና በሦስት ዓመት ሺፍት መካከል ያልሳቅነውን ሁሉ እዚያ ሳቅነው። እንዲህ ደስ ሲለኝ ነው የምፈራው፣ ግን ያን ጊዜ አልፈራሁም።

ማክሰኞ ጠዋት ካደርንበት ሞቴል ስንወጣ አንተነህ ጓሮ ውስጥ ስልክ ይዞ ሲንጎራደድ አየሁት። አለቃው መስሎኝ አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ቢሮ ገብተን ካርታ ወሰድን። ካርታውን የሰጠችን ጠና ያለች ሠራተኛ ዛሬ በየትኛው መንገድ እንደምንወጣና ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ጠየቀችን። አንተነህ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት። ምን አገባት? "ዝም ብለን እያየን ነው" አልኳት። ሴትየዋ ትንሽ አየችኝና ከምሳ በኋላ አየሩ ሊበላሽ ስለሚችል እንድንጠነቀቅ ነግራን ሸኘችን።

ከመኪና ማቆሚያው ጫካውን አቋርጠን ሐይቁ ጋ ደረስን። ከሐይቁ በላይ መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ የበረዶ ግግሩ ተንጠልጥሏል። ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ ስንጥቅ አለው፤ በየጊዜው እንደ ነጎድጓድ ይጮኻል። ገመድ ተወጥሮ "ከዚህ አትለፉ" የሚል ተለጥፏል። እኛም አላለፍንም። ከእኛ ጋር የነበሩት ሰዎች ደመናው ሲወርድ አይተው ተመለሱ። አንተነህ እንውረድ አለኝ። አንድ ፎቶ ብቻ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። "ትንሽ ወደ ኋላ" ያልኩትም እኔ ነኝ።

የረገጠው ድንጋይ ከሥሩ ተንከባለለ። ሲንሸራተት አየሁት፤ ከዚያ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ብቻ ሰማሁ። እየተንፏቀቅኩ ስደርስ ቀኝ እግሩ ሊዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። ፊቱ አመድ መስሏል። አልጮኸም። አለመጮኹ ይበልጥ አስፈራኝ።

ስልኬን አወጣሁ፤ ሲግናል የለም። የእሱንም አየሁ፤ የለም። እርዳታ ብዬ ጮኽኩ፤ ተራራው የራሴን ጩኸት መለሰልኝ። በረዶ መጣል ጀመረ።

ያን ጊዜ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። ማን ይፈልገናል? እትዬ አልማዝ እስከ እሑድ ሺፍት ላይ ነን ብለው ተቀምጠዋል። ሞቴሉን ለቀን ወጥተናል። የፓርኳ ሴትዮ ደግሞ በየት እንደወጣን አታውቅም፤ ባሌ ሊነግራት ሲል እግሩን ረግጬዋለሁ። ቀኑ ማክሰኞ ነው። እስከ እሑድ የሚያስበን ሰው የለም። ከዓይን እንድንጠበቅ ብዬ ራሳችንን ከሰው ሁሉ ደበቅኩ።

አንተነህ ውረጂና ሰው ጥሪ አለኝ። ለምሳ ያነጠፍነውን ጋቢና የራሴን ጃኬት ደረብኩለት። ጥርሱ እየተንገጫገጨ እጄን ያዘ።

"ፍሬ፣ ስሚኝማ፤ እኔ እኮ ለእትዬ..."

አፉን በእጄ ከደንኩት። ለእህቱ ኑዛዜ ሊያስቀምጥ መስሎኝ ነበር።

"ምንም አትናዘዝብኝ፤ ተመልሼ እመጣለሁ" አልኩት።

ሌላ ነገር ሊል ሞከረ። አልሰማሁትም፤ እያለቀስኩ ወረድኩ።

ትንሽ እንደሄድኩ ጭጋጉ ዋጠኝ። ስንወጣ መንገድ ያሳየን የድንጋይ ምልክት ጠፋ። ሐይቁ በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም። ጃኬቴን ለአንተነህ ትቼ በሹራብ ብቻ ነኝ። አንድ ነገር ኮሽ ሲል ድብ ነው እላለሁ፤ ዝም ሲል ደግሞ አድፍጦ ነው እላለሁ። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀመርኩ፣ አንዱንም አልጨረስኩም።

ያኔ ነው ከጭጋጉ ውስጥ ስሜ የተጠራው።

"ፍሬ... ሂዎት..."

ቀጭን፣ የተጎተተ፣ የእኛ ሰው ያልሆነ ድምፅ። ቆምኩ። ጠጉሬ ቆመ። አገራችን ላይ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሰው በሌለበት ስምህ ከተጠራ አቤት አይባልም። አቤት ካልክ ወስዶህ ይሄዳል። በዚያ ተራራ ላይ ስሜን የሚያውቅ የለም። ለማንም አልተናገርኩማ። ታዲያ የሚጠራኝ ማን ነው?

ትልቅ ድንጋይ ሥር ተወሽቄ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። እንደገና ጠራኝ። አሁን ቀርቧል። ዝም አልኩ። ከዚያ የአንተነህንም ስም ጠራ። ሁለታችንንም ያውቀናል ብዬ ባሰብኝ። የማውቃቸውን መላእክት ሁሉ በሆዴ ጠራሁ። ድምፁ ትንሽ ቆይቶ ራቀ። የሚያሳፍረኝ፣ ሲርቅ ደስ አለኝ። ባሌ እላይ እየበረደው፣ እኔ የመጣልንን እርዳታ እንዲሄድልኝ እየጸለይኩ ነበር።

ከዚያ ፊሽካ ተነፋ። ረጅም ፊሽካ። ፊሽካ የሚነፋ ሰይጣን ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬን አቆምኩ። ድምፁ አሁንም እየራቀ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጮኸ። ከውስጡ አንድ ቃል ለየሁ፤ አልማዝ።

"አቤት!" አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት። "አቤት! አቤት! እዚህ ነኝ!"

ሮጥኩ፣ ወደቅኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ እንደገና ሮጥኩ። ቀይ ጃኬት የለበሱ ወንድና ሴት የፓርክ ጠባቂዎች ከጭጋጉ ወጡ። ሴቲቱ አቀፈችኝ። ስሜን አስተካክላ መጥራት እንዳልቻለች ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እኔ ልስቅ ይሁን ላለቅስ አላውቅም።

አንተነህን ስናገኘው ከንፈሩ ነጥቷል፣ ግን ስጠራው መለሰልኝ። ጭጋጉ ሄሊኮፕተር ስለማያስወጣ ሌሎች ሰዎች ደርሰው በቃሬዛ አወረዱት። ሆስፒታል ሐኪሙ ከዚህ በላይ ብርድ ላይ ቢቆይ ኖሮ ብሎ ጀመረ፤ የእኔን ፊት አየና አልጨረሰውም።

ነገሩ የገባኝ እዚያ ነው። አንተነህ ጠዋት ሞቴሉ ጓሮ ያወራው ከእህቱ ጋር ነበር። ለእሳቸው መዋሸት አላስችል ብሎት መንገዱን በስሙ ነግሯቸው፣ ለፍሬ ነገርኩሽ እንዳትይ ብሎ፣ ምሳ ላይ ወርጄ እደውላለሁ ብሏቸዋል። ምሳ ሲል የተራራውን ምሳ ነው። እትዬ አልማዝ ግን የጠበቁት የቶሮንቶን ምሳ ነው፤ እሱ ደግሞ በሁለት ሰዓት ይቀድማል። እኛ ገና ወደ ላይ ስንወጣ እሳቸው ወንድሜ ቀረ ብለው ስልክ ማንሣት ጀምረዋል። ፓርኩ ቢሮ ሲደውሉ ያቺ ሴትዮ፣ አዎ፣ መንገዳቸውን የማይናገሩ ባልና ሚስት አይቻለሁ ብላለች። አየሩ ሲበላሽ መኪናችን ብቻዋን ቆማ አግኝተው ሰው ላኩ። አንተነህ ሲወድቅ እነሱ መንገድ ጀምረዋል።

ማታ ከሆስፒታሉ ደወልኩላቸው። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝ። እትዬ፣ ይቅርታ ብዬ ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

"ደብል ሺፍቱ እንዴት ነበር ልጄ?" አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም ማልቀስ ጀመሩ።

ስናወራ ለምን የእሳቸው ስም እንደተጠራ ጠየቅኳቸው። ስምሽን ጠርተው ዝም እንደምትያቸው አላጣሁትም፣ እኔም እዚያው አገር ነው ያደግኩት አሉኝ። ካልመለሰች አልማዝ ናት የላከችን በሏት ብለው አስጠንቅቀው ነበር።

አንተነህ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያነክሳል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ብርድ የማይሆነው መቼ ነው። ፎቶውን አልሰቀልነውም። ፍርሃቴም ጨርሶ አልለቀቀኝም፣ ሕልሜ ውስጥ ያ ድምፅ ይርቃል፣ እኔም አቤት ማለት ያቅተኛል።

እናቴን ከስህተቷ ጋር እወዳታለሁ። ግን ያን ቀን ያተረፈን የተደበቀው ሳይሆን ያመለጠው ወሬ ነው። ስለዚህ ይኸው እናገራለሁ። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ገና ነው፣ ሳይሆን አይወራም፣ አውቃለሁ። እትዬ አልማዝ ከአንተነህ ቀድመው ሰምተዋል። አሁን ደግሞ እናንተ ሰማችሁ።