ሙሴ ጉልበቱን የገለጠ ዕለት

የጓሮዋን ክፍል ያከራየሁት፣ «ሙሴ» የምንለው ፈረንጅ በአገሩ ኳስ እየመታ ደመወዝ ይበላ ነበር ሲሉኝ አላመንኩም። ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሴት ብሆንም፣ ሰው ተጫውቶ እንጀራ እንደማይበላ አውቃለሁ። አሁን ያነክሳል፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ይጠግናል። «እንግሊዙ» ስንለው ይቆጣል።

«ዌልስ ነኝ! ሌላ አገር ነው።»

ልዩነቱ ለእኛም፣ ከተማውን ለያዙት ጣሊያኖችም አልታየንም።

ልጄ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አናጢ ቤት ይሠራል፣ እሑድ ደግሞ የልደታ ልጆች ቡድን አጥቂ ነው። ጣሊያን ሀበሻ ከሀበሻ እንዲጫወት ፈቅዶ፣ ራሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስቃል። እኔን ያስጨነቀኝ የልጄ እግር ነው። ወታደሮቹ ቤት ለቤት ሰው ሲያሳድዱ ያተረፈው ሩጫው ብቻ ነበር። ያንን እግር በኳስ ቢሰብረውስ? ልደታ ማርያምን «ኳሱን አስጥይልኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልኩ።

ስለቱን ለማገዝ ሙሴን ለመንኩት።

«ያንን ጉልበትዎን ለልጄ ያሳዩልኝ። ይፍራ።»

«እሺ፣ እሜቴ።»

እሑድ ከምሳ በኋላ ሱሪውን ሰበሰበ። ጉልበቱ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ተጣጠፈ ቆዳ ነው። ከሚቆፍርበት የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ኳስ እንዳወጣችው፣ ሕዝብ እንደ ዘፈነለት፣ አንድ ተከላካይ እንደ ሰበረው ነገረን። የቡድኑ ጌቶች ሐኪም ቤት አበባ ይዘው ሲመጡ፣ በእሱ ቦታ የሚሰለፈውን አዲሱን አጥቂ አስከትለው ነበር።

ልጄ አንገቱን ደፋ። በልቤ እልል አልኩ።

«ሙሴ፣ ተከላካዩ በየት በኩል ነው የመጣብዎት?» አለ።

«በግራ። ኳሷን ብቻ እያየሁ ነበር።»

ተያይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ሙሴ ሙቀጫዬን ተከላካይ አድርጎ ልጄን እስኪመሽ ሲያዘልለው ዋለ።

«ያስፈራሩልኝ አልኩ እንጂ ያሠልጥኑልኝ አልኩ?»

«ፈርቷል እኮ፣ እሜቴ! የሚፈራ ሰው ግራና ቀኝ ያያል።»

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ግንድ የመሰለ ተከላካይ በግራ በኩል መጣበት። ልጄ ዘለለው። ጎል አግብቶ በሁለት እግሩ ቤቱ ገባ። ስለቴ ግን ሳይሰምር ቀረ።

ኋላ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመና ሙሴን ሊወስዱት መጡ። «እንግሊዝ ነህ?» አሉት። «ዌልስ ነኝ» አለ። ካሚዮን ላይ ጫኑት። የኳስ ሜዳውንም የካሚዮን ማቆሚያ አደረጉት። ልጄ ኳስ ተወ። የለመንኩት ማርያምን፣ የፈጸመልኝ ጣሊያን!

ስለት ስለት ነው። በቀጣዩ ወር ልደታ ጃንጥላውን ልጄ ተሸክሞልኝ፣ ፊቱን እንዳጠቆረ ሄድን።

«ስለትሽ ስለ ምንድን ነው?» አሉኝ ቄሱ።

ስለ ኳሱ ልናገር አልኩና የልጄን እግሮች አየሁ።

«ልጄን በሁለት እግሩ ስላቆመችልኝ።»

«ይህ የሙሴ ሥራ ነው» አለ ልጄ በጆሮዬ።

«ዝም በል፣ ጃንጥላውን ቀና አድርገህ ያዝ!»

ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ ያን ሰውዬ ካለበት በደህና መልሺልኝ አልኳት። እንግሊዙን እንዳልል ተጠንቅቄ፣ ዌልሱን አልኩ።