ያልደረቀው ቀይ

ልጄ የቴፒ ልጅ ሊያገባ ሽማግሌ ልከን እሺ ስንባል፣ መጀመሪያ ያሳሰበኝ አሮጌው አይሱዙዬ ነበር። ከሸዋ ቤንች ወደ ሚዛን ቡናና ሙዝ ሳመላልስበት ቀለሙ ተላልጧል፤ በሩን ዝገት በልቶታል። በእሱ ሙሽራ ማምጣት አሳፈረኝ።

"ለሠርግ ነጭ ነው የሚያምረው፤ ነጭ አስቀባው" አለች ባለቤቴ።

"በሚዛን ጭቃ ነጭ? ቀይ ይሁን፤ ጋቢናው ላይ ቢጫ መስመር ይጨመርበታል" አልኳት።

ዝገቱ ተፋቀ፣ ስቱኮ ተለቀለቀ፣ ጋቢናው በመርጫ ተቀባ። አምሮ ወጣ። ጭነት የሚጫንበትን ካሶኒ ግን ጊዜ ስላጠረን እኔው ራሴ በዘይት ቀለም በብሩሽ ቀባሁት። ዝናቡ ፋታ አልሰጠም። ልንነሣ ስንል በጣቴ ብነካው ያዝ ያደርጋል። "መንገድ ላይ ንፋሱ ያደርቀዋል" ብዬ ነዳሁ።

ቴፒ በእልልታ ተቀበሉን። የሙሽራዋ እናት መኪናዬን አይተው "እንዴት ያምራል!" ሲሉ ደረቴን ነፋሁ። መዘምራኑን ለማሳለፍ ሰው ሲገፋፋ እሳቸው ካሶኒውን ተደግፈው ቆሙ። ዞር ሲሉ ነጩ የሀበሻ ቀሚሳቸው ከትከሻ እስከ ወገብ ቀይ ሆኗል።

"ደም!" ብላ አንዷ ጮኸች።

መዝሙሩ ቆመ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ መኪናዬን፣ ቀጥሎ እኔን አየ።

"ቀለም ነው... አልደረቀም" አልኩ።

ባለቤቴ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ብታሸው ባሰበት። ሴትዮዋ "ተዪው እህቴ፣ የደስታ ቀን ነው" ብለው ጋቢ አስመጥተው ተከናነቡ። በዚያ የቴፒ ሙቀት፣ ላቡ በግንባራቸው እየወረደ፣ ግብዣው እስኪያልቅ በጋቢ ተጠቅልለው ተቀመጡ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጠጋቸው "ምን ሆነና? አንድ ቤተሰብ ሆነን የለ?" አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመልስ የሄድነው በሚኒባስ ነው። ባለቤቴ አዲስ ቀሚስ ይዛላቸው ሄዳ ነበር፤ መርቀው ተቀበሉ፤ ወዲያው ለብሰውት ወጡ። እንግዳው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ግን ዞር ሲሉ ጀርባቸውን ላለማየት ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።