የመሠረት ትራስ

በቃጠሎ ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን የመጀመሪያ ጥፋቴ ደግነት ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አስካለ የፋሻውን ጋሪ አስረክባኝ ወደ ስብሰባ ሄደች። ሦስተኛው አልጋ ላይ መሠረት የምትባል የሸጎሌ ልጅ ተኝታለች። ቡታጋዝ ፈንድቶባት ከአገጯ እስከ ደረቷ ተቃጥላለች። ዊንጌት አካባቢ ባለ ቤተ ክርስቲያን በኳየር ትዘምር ነበር። ያለ ትራስ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን፣ እዚያ ያለውን የተቃጠለ አምፖል ስታይ አንጀቴን በላችው። ትራስ አምጥቼ ከራሷ ሥር አደረግኩላት። "ጌታ ይባርክህ፣ ወንድሜ" አለችኝ።

ሲስተር አስካለ ስትመለስ ትራሱን ቀስ ብላ አወጣችና ማን እንደሰጣት ጠየቀች። እኔ ነኝ አልኩ፤ ምስጋና ጠብቄ ነበር። ኮሪደር ላይ ወስዳ አስረዳችኝ። የተቃጠለ ቆዳ ሲድን ይኮማተራል፤ አንገት እንዳቀረቀረ ከዳነ አገጭ ከደረት ጋር ይያያዛል።

"የሚመቻት አተኛኘት ነው የሚያጣብቃት" አለችኝ። ከዚያ ተመልሳ ፎጣ ጠቅልላ፣ አንገቷ እንዲዘረጋ ከመሠረት ትከሻ ሥር አስገባች።

አፈርኩ። ግን ስለ ቆዳ የማወቅ ጉጉት የያዘኝም ያን ቀን ነው። መሠረት ኦፕራሲዮን ስትሆን ገብቼ አየሁ። ሐኪሙ ከጭኗ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ ልጦ አንገቷ ላይ ዘረጋው፤ ዳር ዳሩን በትንንሽ የብረት ስቴፕል አያያዘው። የጭን ቆዳ ሰፈር መቀየሩን በምን ያውቃል ብዬ ጠየቅኩት። እሱን እኔም አላውቅም አለኝ፤ ካልተነቃነቀ ግን በአምስት ቀን ይይዛል።

ከኦፕራሲዮኑ በሦስተኛው ቀን እናቷ እትዬ አልማዝ አዲስ ትራስ ታቅፈው መጡ። አይሆንም አልኳቸው።

"አንተ እናት የለህም?" አሉኝ።

ከነከነኝ። መሠረትም በዓይኗ ትለምነኛለች። ሲስተር አስካለ በአካባቢው አልነበረችም፤ እሺ ብል የሚያየኝ ሰው አልነበረም።

"እትዬ፣ ዛሬ ከተመቻት ቀና ብላ መዘመር ይቀርባታል" አልኳቸው።

ከዚያ ትራሱን ወንበር ላይ አድርገው ተቀመጡበት።

በአምስተኛው ቀን ፋሻውን ስንፈታ ቆዳው ሮዝ መልክ አውጥቶ ይዟል። ሥራው ግን አላለቀም፤ ቆዳ ለወራት መኮማተሩን አይተውም። መሠረት የአንገት ድጋፍ አድርጋ፣ ፎጣዋን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ከብዙ ወራት በኋላ ለክትትል መጣች። እዚያው ክፍል አቁሜ ቀና በይ አልኳት። ቀስ እያለች ቀና አለች፤ እስከ ጣሪያው።

"ያ አምፖል እስካሁን አልተቀየረም?" አለችኝ።

ሳቅኩ፤ እንባዬም መጣ።

ዛሬ ለአዲስ ነርስ ጋሪውን የማስረክበው እኔ ነኝ። ከመሄዴ በፊት አንድ ነገር እናገራለሁ፦ አንገቱ ለተቃጠለ ሰው ትራስ አይሰጥም።